ላዩ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ፦ ከአንድ ነባር ሰፈር እድር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በባሕር ዳር የሐይቁን ዳር መንገድና የኮሪደር ልማት ሥራ ለምትመሩ የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ በነባሩ ሰፈራችን ላይ የደረሱ ችግሮችን ስለማሳወቅና መፍትሔ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ እስከ ሐይቁ ዳር ባለው አሮጌ ሰፈር የምንኖር የአንድ እድር አባላት ነን። መጀመሪያ በአካል መጥተን ነበር። «በጽሑፍ አስገቡ» ተባልን፣ አስገባን። ቆይተን ስንመጣ «መዝገብ ቤት ጠይቁ» ተባልን። መዝገብ ቤት «ወደ ላይ ተመርቷል» አለን። ላይ ስንወጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው አንድ ቀን ያልቅ ይሆናል፤ ክረምቱ ግን አይጠብቀንም። ስለዚህ ነገራችንን ሁሉም ሰው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ለማውጣት ተስማማን።

«እኛ ልማት አንቃወምም» ብሎ መጀመር የዚህ ዓይነት ደብዳቤ ወግ ሆኗል። እኛ እንደዚያ ብለን አንጀምርም፤ የምንቃወመው ነገር አለና። አስፋልቱን አይደለም። ዘንባባውንም፣ አምፖሉንም አይደለም። የምንቃወመው ሥራው ሁሉ በመኪና ለሚያልፍ ሰው ዓይን ብቻ መሠራቱን ነው። ከአስፋልቱ ጀርባ ያለው ሰው በየት በኩል ቤቱ ይገባል፣ ውሃው በየት ይወርዳል፣ ሲሞትስ የት ይለቀስለታል ብሎ የጠየቀን የለም።

ስለ ድንኳን ቦታችን እንጀምር፤ ከሁሉ የከበደን እሱ ነው።

በሰፈሩ መሀል አንዲት ገላጣ ቦታ ነበረች። በፕላን ላይ ምን እንደምትባል አናውቅም፤ እኛ «ሜዳዋ» ነው የምንላት። ልጆች ኳስ ይጫወቱባታል። በበጋ በርበሬ ይሰጣባታል። ሠርግ ሲሆን ዳስ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተከልባታል። ጥጉ ላይ የእድሩ ዕቃ ቤት ነበር፤ አባላት አዋጥተው በቆርቆሮ የሠሩት። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ጀበናው፣ ቃሬዛው፣ ጡሩንባው ሳይቀር እዚያ ነበር የሚቀመጠው።

አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞች መጥተው ሜዳዋን በቆርቆሮ አጠሯት። ዕቃ ቤቱን ደግሞ «ሕገ ወጥ ግንባታ ነው፣ እስከ ከሰዓት አንሱ» አሉን። በጋሪ አወጣነው። ምን ሊሠራበት ነው ብለን ስንጠይቅ አንዱ «የመኪና ማቆሚያ» አለን፣ ሌላው «አረንጓዴ ቦታ»። እስካሁን የመኪና ማቆሚያ አልሆነም። አጥሩ ውስጥ ያለው አረም ነው። እርግጥ አረምም አረንጓዴ ነው።

አሁን የእድሩ ንብረት በየቤቱ ተበትኗል። ትልቁ ብረት ድስት ብቻቸውን ከሚኖሩ አንዲት እናት አልጋ ሥር ነው። ድንኳኑን የያዘው አባላችን ሳሎኑ ውስጥ እንግዳ ማስቀመጫ አጥቷል። ወንበሮቹ ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ግማሾቹ አንድ ግቢ፣ ግማሾቹ ሌላ ግቢ ናቸው። ጡሩንባ ተነፍቶ ሰው ሲሰበሰብ እኛ የምንሮጠው ወደ ሐዘንተኛው ቤት አይደለም። የማን ቤት ምን እንዳለ እየጠየቅን በየበሩ እናንኳኳለን። ሌሊት ሲሆን ደግሞ አስቡት።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት የሰፈራችን እናት አረፉ። ልጅ ሆነን ጉንፋን ሲይዘን ዳማ ከሴ አሽተው ያጠጡን፣ ግማሹን ሰፈር በአራስነቱ ያጠቡ ሰው ናቸው። ለቅሷቸው ላይ የማይመጣ ሰው አልነበረም። ድንኳኑን ቅያሱ ውስጥ ለመትከል ሞከርን። ቅያሱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጃንጥላ ይዞ ጎን ለጎን አያልፍበትም። አንዱን ገመድ ከአንድ ቤት የመስኮት ብረት ጋር፣ ሌላውን ከመብራት ምሰሶ ጋር አሰርነው። ዝናቡ ሲበረታ ድንኳኑ መሀሉ ላይ ውሃ ቋጠረ። አንድ ወጣት በዘነዘና ከሥር ገፋ ሲያደርገው ውሃው ንፍሮ የያዘው ሰፌድ ላይ ተገለበጠ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። ሴቶቹ ሰፌዱን አንስተው እንደገና ጥሬ ሊቀቅሉ ገቡ። ግማሹ ለቀስተኛ ውጭ ቆሞ ነው የዋለው።

ለሠልስቱ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጣን። ደንብ አስከባሪዎች ወዲያው ደረሱ፤ ለቦዩ ግን እንዲህ ፈጥኖ የደረሰልን የለም። «መንገድ መዝጋት ክልክል ነው» አሉ። ልክ ናቸው፣ መንገድ መዘጋት የለበትም። ታዲያ የት እንትከል ስንላቸው «አዳራሽ ተከራዩ» አሉን። የእድራችን የወር መዋጮ አንድ ኪሎ ቡና አይገዛም። ደግሞስ ለቅሶ ከሐዘንተኛው ደጃፍ ተነሥቶ አዳራሽ ሲገባ ማን ያውቀዋል? ማታ ማታ አብሮ የሚያድረው ጎረቤት እንዴት ነው የሚያድረው? እድራችን ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ሐዘኑ የማንም ይሁን የማን ድንኳኑ አንድ ነው፤ የምንተክለውም ያችው ሜዳ ላይ ነበር።

ወደ ቦዩ እንለፍ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ውሃ በራሱ አይወርድላትም፣ መንገድ ካላበጁለት ይተኛል። ድሮ ከሰፈራችን ወደ ሐይቁ የሚወርድ የአፈር ቦይ ነበር። ግንቦት ላይ ሁላችንም አካፋ ይዘን ወጥተን እንጠርገው ነበር። አዲሱ መንገድ ሲሠራ ከድሮው ከፍ ብሎ ተሠራ። ቦዩ ግን በመንገዱ ሥር ማለፊያ አልተቀበረለትም። ሥራውን የሚቆጣጠረውን ሰው ያኔውኑ ነግረነው ነበር፤ «ዲዛይኑ ላይ የለም» አለን። ውሃው ዲዛይኑን አላየውም መሰለኝ፣ ያው እንደ ልማዱ መጣ። ሐይቅ መግባት ሲያቅተው ቤታችን ገባ።

አንድ የፋብሪካ ጡረተኛ አባላችን ቤት ብትመጡ እናሳያችኋለን። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት ቡኒ መስመር አለ። አንድ አይደለም፤ አንዱ ካንዱ በላይ ተደራርቧል። የታችኛው ከአልጋው እግር ጋር ነው፣ የላይኛው የቡፌውን መሳቢያ አልፎታል። ሰውየው የጤፍ ማዳበሪያውን ቆጥ ሠርተው ሰቅለውታል። በራቸው ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ከሰኔ እስከ መስከረም አይነሳም። ይህ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ቢሆን እንኳ ባልከፋ። የሽንት ቤት ጉድጓዶች ሞልተው አብረው ይፈሳሉ። ልጆች በዚያ ውስጥ እየተራመዱ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

ያ ሁሉ ቆሻሻ ዞሮ ዞሮ መግቢያው ጣና ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ከአሥር ዓመት በላይ ደግሞ ከእምቦጭ ጋር ትግል ላይ ነው። ፍሳሽ የገባበት ውሃ እምቦጭን እንደሚያፋፋው ለእናንተ አይነገርም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው።

በመንገዱ ዳር ለቱቦ ተብሎ የተቆፈረው ጉድጓድም ሳይከደን ቀርቷል። እኛው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመንበት እንሻገራለን። ቅድም ያነሳናቸው እናት አስከሬን የወጣው በዚያ ግንድ ላይ ነው። ተሸካሚዎቹ አራት ሆነው ማለፍ ስላልቻሉ ሁለቱ ቀድመው ተሻገሩ፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው አቀበሏቸው። ቄሱ ጸሎቱን አቋርጠው «ቀስ፣ ቀስ በሉ» ሲሉ ሰምተናል። ሙስሊም አባሎቻችንም ጀናዛ የሚያወጡት በዚያው ነው። ሚያዝያ 23 ለጊዮርጊስ ንግሥ ነጠላቸውን ለብሰው የሚመጡ አሮጊቶችም ሰው እጃቸውን ይዞ ያሻግራቸዋል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት ይባላል፤ መንገዱም የብስክሌት መስመር ተሠርቶለታል፣ ጥሩ ነው። የእኛ ልጆች ግን ብስክሌቱን ተሸክመው ነው እዚያ የሚደርሱት።

ቀይ ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ሰሞን ሰዎች መጥተው በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክትና ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ደብዳቤ የለም። ስብሰባ አልተጠራም። ምልክት ያለበት ይፈርሳል ወይስ ምልክት የሌለበት? ይህን እንኳ የነገረን የለም። ቀለሙን ያዩ ተከራዮች ለቀው ወጡ። ኪራይ ገቢያቸው የነበረ አሮጊቶች ባዶ ክፍል ታቅፈው ቀሩ። ጭቃው የረገፈበት ቤት «ሊፈርስ ነው» እየተባለ ሳይመረግ ክረምት ገባበት።

በተለይ የቀበሌ ቤት ያሉት አባሎቻችን አጣብቂኝ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የመንግሥት የሆኑ ናቸው። ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ ጣሪያቸው አልተቀየረም። ነዋሪው ያለ ፈቃድ አንድ ቆርቆሮ መምታት አይችልም። አንዲት አባላችን ፈቃድ ልትጠይቅ ሄዳ የተባለችውን እንደነገረችን እንጻፈው፦

«ጣሪያዬ ያፈሳል፣ ቆርቆሮ ልቀይር።»

«ልማት ላይ ነው፣ አይፈቀድም።»

«መቼ ነው የሚፈርሰው?»

«አልተወሰነም።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ባለበት ይቆይ።»

ባለበት ቆይቷል። አልጋዋ ላይ ላስቲክ ዘርግታ ነው የምትተኛው። አስፋልት ዳር ሱቅ ያላቸው ጎረቤቶቿ ግን የፊት ለፊቱን ግድግዳ አንድ ዓይነት ቀለም እንዲቀቡ ታዘው በራሳቸው ብር ገዝተው ቀብተዋል። ከፊት ስታዩት ሰፈሩ አምሮበታል። ውስጡን ለቄስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። «ሰፈሩ ያረጀ ነው፣ ከተማዋን አይመጥንም» የሚል ንግግር በየቢሮው እንሰማለን። ያረጀ መሆኑን አንክድም። ከተማዋ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ትባል በነበረበት ዘመን ሰው የሰፈረው እዚሁ ነው። በጊዮርጊስ ግቢ ያለውን ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ ስፔናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል፤ ሰውየው ያረፈው በ1622 እ.ኤ.አ. ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈቱ ወላጆቻችን ለሠራተኛውና ለተማሪው ክፍል አከራይተዋል። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች የመጡት ጀርመኖች ለከተማዋ ካወጡት ፕላን በኋላ ነው፤ የእኛ ቅያስ የጠበበው ቀድሞ ስለነበረ ነው። ከተማዋን እንዲህ ያለው ሰፈር ካልመጠናት ቱሪስቱን ምን ልታሳዩት ነው? በአገር ያለ ከተማ ሁሉ የሚያሳየውን አንድ ዓይነት አግዳሚ ወንበርና አምፖል?

የሐይቁ ዳር ነገር አጭር ነው፤ ጉዳቱ ግን አጭር አይደለም። ጥዋት ታንኳ ሲገባ ቀረሶና አምባዛ ተቀብለው እዚያው አጽድተው የሚሸጡ፣ ጀበና ጥደው ልጆች ያሳደጉ እናቶች ነበሩ። «ገጽታ ያበላሻል» ተብለው ተነሱ። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል የተባለው ዛሬ ነገ እየተባለ ቀርቷል። አሁን አንዳንዶቹ በሳፋ ተሸክመው በየበሩ ይዞራሉ፣ ደንብ አስከባሪ ሲያዩ ይሮጣሉ። ዓሣ ደግሞ ፀሐይ ላይ አይዞርበትም። በእነሱ ቦታ የተተከለው ጽጌረዳ ደርቋል፤ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ኮንትራቱ አልቋል አሉን። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ ጎረቤቶቻችንም ደንገሉን ዘርግተው የሚያደርቁበት ቦታ ታጥሮባቸዋል። እነሱ ከሐይቁ ዳር ተነሱ መባል አዲሳቸው አይደለም፣ አባቶቻቸውም ተብለዋል። የሚገርመው የደንገል ታንኳ ሥዕል ያላየንበት የከተማዋ ማስታወቂያ የለም።

መብራቱም እንደዚሁ ነው። አስፋልቱ ሌሊት እንደ ቀን ነው። ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ ስትገቡ የሞባይል ባትሪ ታበራላችሁ። ጉድጓዱ ስላልተከደነ ባጃጅ ማታ አይገባልንም። ምጥ የያዛት ሴት በሰው ትከሻ ነው አስፋልት የምትደርሰው።

ሕጉን ለእናንተ ልናስተምር አልመጣንም። ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 40 ደግሞ ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ መከፈል አለበት ይላል። ስለ መሬት መልቀቅ፣ ካሣና መልሶ ማቋቋም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለብቻው አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቀይ ቀለም የሚባል ነገር አላገኘንም።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት ቦዩን። ክረምቱ ሳይገባ በመንገዱ ሥር ማለፊያ ይቀበርለት፣ ክፍት የቀረው ጉድጓድም ይከደን። የጉልበት ሥራውን እኛ እንችላለን፤ በየዓመቱ ስንቆፍር ኖረናል። ቱቦና መሐንዲስ ግን ከእናንተ ነው። የሞሉት የሽንት ቤት ጉድጓዶችም ከዝናቡ በፊት የሚመጠጡበት መኪና ይላክልን፣ ሒሳቡን ተነጋግረን እንከፍላለን።

ሜዳዋ ትመለስልን። ሙሉዋን መመለስ አይቻልም ከተባለ ድንኳን የሚተከልበትና የእድሩ ዕቃ ቤት የሚቆምበት ያህል ተለክቶ፣ በጽሑፍ፣ በእድሩ ስም ይሰጠን። አረንጓዴ ቦታ የምትሉት ዛፍ ከሆነ ዛፉን እኛ ተክለን እንንከባከባለን፤ ሐዘንተኛ ጥላ ሥር መቀመጥ አይጠላም።

ምልክት የተደረገባቸው ቤቶች ምን እንደሚጠብቃቸው ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ በደብዳቤ ይገለጽ። የሚፈርስ ካለ መቼ፣ በምን ካሣ፣ ወደየት እንደሆነ ይጻፍበት። የማይፈርስ ከሆነ ቀለሙ ይሰረዝ፣ ሰውም ቤቱን ይጠግን። የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ደግሞ ውሳኔው እስኪመጣ ቢያንስ ጣሪያ እንዲቀይሩ ይፈቀድላቸው። ቆርቆሮውን እናንተ ግዙ አላልንም።

ለዓሣና ለቡና ሻጮቹ ሐይቁን የሚያይ፣ ውሃ ያለው፣ ጥላ ያለው ቦታ ይሰጣቸው። የታንኳ ሠሪዎቹ ደንገል ማድረቂያም ከአጥሩ ውጭ ይደረግ። ለቅያሶቹ መብራት የምንጠይቀው አስፋልቱን የሚያህል አይደለም፤ በየመታጠፊያው አንድ አምፖል ይበቃናል።

የእድራችን ስብሰባ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ለአሁኑ ቦታ ስለሌለን በአንድ አባል ግቢ ውስጥ እናደርገዋለን፤ ጡሩንባ ነፊያችን መንገድ ያሳያል። በሚመጣው እሑድ መወሰን የሚችል ሰው እንድትልኩልን እንጠይቃለን። ማስታወሻ ይዞ ሄዶ «ለበላይ አቀርባለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መጥቶልናል። የሚመጣው ሰው ቦት ጫማ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈሩ እድር ጸሐፊ
በእድሩ ዳኛ፣ በገንዘብ ያዡና በአባላቱ ስም
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት
ለሰፈሩ የቀበሌ ቤት ተከራዮች
ለሐይቁ ዳር ዓሣና ቡና ሻጮች